ለልጆች የሚሣል የሕይወት ታሪክ በሜዳሊያው አይቁም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣ ባለፈው ሰሞን በልጆች ገጻችሁ ላይ፣ ከባድ ፈተና ተቋቁመው ለትልቅ ደረጃ የበቁ ሰዎችን ታሪክ የያዙ የሥዕል መጻሕፍትን ወላጆችና መምህራን ለልጆች እንዲያነቡ የሚመክር ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ምክሩን እኔም እጋራለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራ፣ አብዛኞቹ ከውጭ በስጦታ የመጡና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቢሆኑም፣ እነዚህን መጻሕፍት በአማርኛ እየመለስኩ ለልጆች አነባለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ «ልጆችን ያበረታሉ» ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጦ ላነጻጸረ ሰው ልዩነታቸው ሰፊ ነው። መከራው ከየት እንደመጣ፣ ባለታሪኩን ማን እንዳገዘው፣ ድሉ ካለፈ በኋላም ምን እንደሆነ ለልጁ በእውነት የሚናገር መጽሐፍ አለ፤ ይህን ሁሉ ዘሎ «ቆረጠና አሸነፈ» የሚልም አለ። ሁለቱን እኩል ማመስገን የሚገባ አይመስለኝም።

ነገሩን በዊልማ ሩዶልፍ ልጀምር። ዊልማ እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ያለጊዜዋ ተወለደች፤ ለአባቷ ከተወለዱት 22 ልጆች 20ኛዋ ነበረች፤ በሕፃንነቷም እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለው ፖሊዮ ይዟት ግራ እግሯ ሰለለ። ከዚያም በ1960 በሮም ኦሎምፒክ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። ይህን ታሪክ በአራት ሥዕል መጨረስ ይቻላል፦ ታመመች፣ ተመኘች፣ የእግሯን ብረት ፈታች፣ ሮጠች። እንዲህ አድርገው የጨረሱት አሉ። ጥሩው አተራረክ ግን አውቶቡሱን ይሥላል። እናትና ልጅ በየሳምንቱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ናሽቪል ይጓዙ ነበር፤ ጥቁሮችን ተቀብሎ የሚያክም ሆስፒታል የነበረው እዚያ ነውና። በአውቶቡሱም ውስጥ የሚቀመጡት ከኋላ ነው። ቤት ሲገቡ እናቲቱና ታላላቅ ወንድምና እኅቶቿ እየተፈራረቁ በቀን አራት ጊዜ እግሯን ያሹ ነበር።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ልጆቹ ሁልጊዜ ያስቆሙኛል። የሚጠይቁት ስለ ሜዳሊያው አይደለም፤ «እዚያው ከተማዋ ውስጥ ለምን አላከሟትም?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ የአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው፤ ጥያቄውን ያስነሣው ደግሞ አውቶቡሱን ለመሣል ቦታ የቆጠበው ሠዓሊ ነው። ሌላው አሳጥሮ የሚያልፈው ነገር ዊልማ ከሮም ስትመለስ የሆነው ነው። የትውልድ ከተማዋ ክላርክስቪል ሊቀበላት ሲዘጋጅ፣ ነጭና ጥቁር ተለያይተው የሚቆሙበት አቀባበል ከሆነ አልገኝም አለች፤ በዚያም የተነሣ በዚያች ከተማ ነጭና ጥቁር አብረው የተገኙበት የመጀመሪያው ሕዝባዊ በዓል የእርሷ አቀባበል ሆነ። በሩጫው መጨረሻ መስመር ላይ የሚቆም መጽሐፍ ይህን ለልጁ አይነግረውም። እኔ እንደማየው ግን የሰውነቷን ፈተና ካለፈችበት ቀን ይልቅ የከተማዋን ፈተና የገጠመችበት ቀን ለልጅ የበለጠ የሚያስተምር ነው።

የሄለን ኬለር ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ተደጋግሞ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። በ19 ወሯ ዓይኗንና ጆሮዋን ያጣችው ሄለን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የውኃ መሳቢያው ሥር ቆማ፣ ውኃው በአንድ እጇ ላይ ሲፈስ በሌላው መዳፏ ላይ መምህርቷ የምትጽፍላትን ፊደል ያወቀችበት ቅጽበት ለሠዓሊ የተፈጠረ ነው፤ ብዙዎቹም መጻሕፍት እዚያው ይፈጸማሉ። ሄለን ግን ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል ኖራለች። በ1904 ከኮሌጅ ተመርቃለች፣ መጻሕፍት ጽፋለች፣ ስለ ሠራተኞችና ስለ ሴቶች መብት ተከራክራለች፣ ብዙ አንባቢ ያስቆጣ የፖለቲካ አቋምም ነበራት። ልጆች የሚያውቋት ግን ሁልጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ እጇ እንደረጠበ ነው።

በእኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጆቹን ይበልጥ የያዘቻቸው መምህርቷ አን ሱሊቫን ናት። አን በአምስት ዓመቷ ግድም ትራኮማ ይዟት ዓይኗ ተጎድቶ ነበር። ትራኮማ ምን እንደሆነ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አማራ ክልል ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ በየቀበሌው ሲታደል ተሰልፈው የዋጡ፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን የሚወጋት አያት ያለቻቸው ልጆች በየክፍሉ አሉ። አን እናቷ ከሞተች በኋላ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ ድኾች መጠለያ ተላከች፤ ወንድሟም እዚያው ሞተ። ዓይኗ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በመጠኑ ማየት ቻለች፤ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተመርቃም በ20 ዓመቷ ወደ ሄለን ቤት ሄደች። ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ የሚያሳይ መጽሐፍ ስናገኝ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል፦ የተረዳችው ልጅ ብቻ ሳትሆን የረዳችውም ሴት ከየት እንደመጣች ይታወቃል። አንን «ደግ አስተማሪ» ብሎ ብቻ ጥግ ላይ የሚያቆማት መጽሐፍ ደግሞ የታሪኩን እኩሌታ አስቀርቷል።

ስለ ሉዊ ብራይል ብዙ አልልም። በሦስት ዓመቱ ኮርቻና ልጓም በሚሠራው በአባቱ ሱቅ ውስጥ በወስፌ ዓይኑን የወጋው፣ በ15 ዓመቱም በስድስት ነጥብ የሚጻፈውን ፊደል የቀረጸው ልጅ ታሪክ በራሱ ያምራል። ሆኖም ሻርል ባርቢዬ የተባለ መኮንን አስቀድሞ በ12 ነጥብ የሚነበብ ጽሕፈት አዘጋጅቶ እንደነበረና ሉዊ ያንን አሻሽሎ እንደሠራ፣ የተማረበትና ያስተማረበት ተቋምም ፊደሉን በይፋ የተቀበለው እርሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1854 መሆኑን የሚያነሡ መጻሕፍት የበለጠ እወዳለሁ። ልጆቹ በዚህ ጊዜ ይናደዳሉ። ቢናደዱ ደግ ነው፤ የእኛን ፊደል ጭምር ዛሬ በብሬል የሚያነቡ ወገኖቻቸው ለማን ባለዕዳ እንደሆኑ አይረሱም።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነገር ብዙ ወላጆች የሚከራከሩኝ ነው። «ለሕፃን ዱላና እስር ለምን ይታያል?» ይሉኛል። ለዚህ የሚመቸኝ ምሳሌ ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ናት፤ ስለ እርሷ ከአንድ በላይ ደራስያን ለልጆች በሥዕል ጽፈዋልና ማነጻጸሩ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሥርታ የገጠር ሴቶች ችግኝ እንዲተክሉ ያደረገች፣ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለች ሴት ናት። በአንዳንዶቹ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ችግኝ፣ ሴቶችና አረንጓዴ ኮረብታ ብቻ ነው፤ ችግሩ የዛፍ ማጣት፣ መፍትሔው የዛፍ መትከል ይሆናል። በሌሎቹ ግን ዛፉን የሚቆርጠውና እርሷን የሚደበድበው ሰው ይታያል። እውነቱም ይኸው ነው፦ በናይሮቢ ኡሁሩ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ሊሠራ የታሰበውን ረጅም ሕንፃ በመቃወሟ መንግሥት ሲዝትባት፣ በኋላም በፖሊስ ስትደበደብና ስትታሰር ኖራለች። የመጀመሪያውን ዓይነት ያነበበ ልጅ ዋንጋሪን ደግ አትክልተኛ አድርጎ ያስታውሳታል። ሁለተኛውን ያነበበ ልጅ ደን መጠበቅ ለምን ጠላት እንደሚያፈራ ይገባዋል፤ በክረምት ከትምህርት ቤት ወጥቶ ችግኝ ለሚተክል፣ በመስከረም ደግሞ ከብት ሲበላው ለሚያይ የእኛ ልጅ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

ልጆችን ከመከራ ሥዕል እንሸሽግ የሚለውን አስተያየት በተመለከተ፣ እኛ በዚህ ረገድ የቆየ ልማድ ያለን ሕዝብ መሆናችንን ማስታወስ እፈልጋለሁ። የሰማዕታት ገድል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ሲሣል ልጅ ቆሞ ያየዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲታሰር፣ ሲገረፍ፣ ሲፈጭ ይታያል፤ ያሠቃየው ዱድያኖስም ከነዘውዱና ከነጭፍሮቹ ይሣላል እንጂ መከራው ከሰማይ እንደወረደ ተደርጎ አይቀርብም። የገድሉም መጨረሻ ዕረፍቱን ሳይናገር አይዘጋም። (ልጆቹ ይህን የሥዕል ልማድ ምን ያህል እንደለመዱት ያወቅሁት፣ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሐኪም፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው እንደሚሣለው፣ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ሲታይ «ይህኛው ክፉ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው።) ያለጥርጥር የልጅን ዕድሜ ማየት ያስፈልጋል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚበቃው ለአሥር ዓመት ልጅ አይበቃም። ነገር ግን መከራውን አስቀርቶ ድሉን ብቻ መሣል ልጁን መጠበቅ ነው ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ አገራችን ሰው ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ በዋናነት ያስጻፈኝም እርሱ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። ልጆቻችን ስሙን ያውቃሉ፤ ታሪኩን ግን የሚያውቁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ድኻ ነበረ፣ ጫማ አልነበረውም፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አሸነፈ። ለልጆች የሚነገሩና የሚጻፉ ብዙ ትረካዎችም ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ይደግማሉ። አበበ ግን ወደ ሮም የሄደው የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፣ ኦኒ ኒስካነን በተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ለረጅም ጊዜ ተዘጋጅቶ ነው። በባዶ እግሩ የሮጠው ለውድድሩ የቀረቡለት አዲስ ጫማዎች ስላልተመቹት፣ በባዶ እግር መሮጥም በልምምድ የለመደው ነገር ስለነበረ ነው። የታሰበበት ውሳኔ ነበረ። «ጫማ ስለሌለው» የሚለው አነጋገር ያላጋጠመውን ችግር ፈጥሮ ይሰጠውና፣ የነበረውን ብልሃትና ዝግጅት ይወስድበታል። ልጆች ደግሞ ይህን ይዘው ይሄዳሉ፤ ድህነት ራሱ ሯጭ ያደርጋል ብለው የሚያምኑ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች አጋጥመውኛል።

ለሠዓሊ የሚሆን እውነተኛ ነገር ሞልቶ ሳለ ይህን መፍጠር ለምን አስፈለገ? በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅና ግቡ እጅግ የተራራቀውን የገና ጨዋታ ሲጫወት መሣል ይቻላል። በሦስት ዓመቱ የኢጣሊያ ጦር አገሩን ወረረ፤ በ28 ዓመቱ ደግሞ የወረራው ትእዛዝ በወጣባት ከተማ፣ በዚያን ጊዜ ገና ሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት በኩል አልፎ፣ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨርሶ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ቀድሞ ገባ። ፍጻሜውን ለመፈትለክ ያን ሐውልት ምልክት አድርጎት እንደነበረ ይነገራል። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። ይህን አንድ ገጽ ለልጆች ብናገር፣ አበባየሆሽ ሲሉ የሚያድሩ ልጆች የዚያን ሌሊት አገር ቤት ምን ይመስል እንደነበረ ራሳቸው ይሥሉታል።

ትልቁ ጉድለት ግን ከድሉ በኋላ ያለው ነው። አበበ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ፣ ያን ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ ዳግም አሸነፈ፤ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሜክሲኮ ግን ሩጫውን ማቋረጥ ግድ ሆነበትና ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ በእጆቹ መጠቀም ሲችል፣ እዚያው በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ መከራና ስለ ጽናት ለልጅ የሚነገር ታሪክ ካለ ይኸኛው ነው፤ እኛ ግን ከሮም ጎዳና አላወጣነውም። ውርጭ እንጂ ምድርን ሸፍኖ የሚከርም በረዶ የማያውቁ የደብረ ብርሃን ልጆች፣ ይህን የበረዶ ጋሪ ወሬ ስነግራቸው ተረት እየፈጠርኩ መስሏቸው ይስቃሉ። ሥዕል ቢኖረኝ አሳያቸው ነበር።

እርግጥ ነው፣ የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ሁሉንም ማካተት አይችልም። የምከራከረው ስለ ገጹ ማነስ አይደለም። ደራሲ የሚቆርጠውን ሲመርጥ፣ ረዳቶቹንና ጎጂዎቹን ቆርጦ ብቻውን የታገለውን ሰው የሚያስቀር ከሆነ፣ የቀረው ታሪክ እውነት አይደለም ነው የምለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ በሚባልበት አገር፣ አንድ ሰው ሃምሳውን ብቻውን እንደተሸከመ አድርጎ ለልጅ መንገር የሚያስኬድ አይደለም። በዚህ ረገድ በአንድ እግሩ ብስክሌት እየነዳ ጋናን ያቋረጠውን የኢማኑኤል ኦፎሱ ዬቦአን ታሪክ የሚተርከው አጻጻፍ በመጠኑ ደስ ያሰኘኛል፤ እናቱ ስታዝለውና ጓደኞቹ ኳስ አብረውት ሲጫወቱ ይታያልና።

በዚህ ነገር አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ከማነብላቸው ልጆች መካከል በግጭት ከቀያቸው ተፈናቅለው ከቤተሰቦቻቸው ጋር እዚህ ከተማ በመጠለያ የሚኖሩ አሉ። «ከቆረጥክ የማታሸንፈው ነገር የለም» የሚል መጽሐፍ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሲነበብለት፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ወላጆቹ ስላልቆረጡ ነው ማለት አይሆንበትም ወይ? አንድ ልጅ ይህን በሌላ አነጋገር ጠይቆኛል፤ የዚያን ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ሌላ አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለንባብ የማቀርበውን መጽሐፍ አስቀድሜ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሳላነብ ለክፍል አላወጣም።

ከእኛው አገር ሰዎች ታሪክም ይህን ጥንቃቄ የሚጠይቅ አለ። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች፤ ዓይኗን ማጣቷ ከልጅነት ጋብቻ አትርፎ ለትምህርት እንዳበቃት ራሷ በተለያየ ጊዜ ተናግራለች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራም እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ይህን ታሪክ ለልጆች የሚጽፍ ሰው የልጅነት ጋብቻን ካላነሣ የትነበርሽ የተናገረችውን ሳይሆን ሌላ ነገር ጽፏል ማለት ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን ሁለት ነገር እለምናለሁ። የልጆች መጽሐፍ ስትጠቁሙ ባለታሪኩ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ታሪኩ የት ላይ እንደሚያበቃና ምን እንደተወ ጭምር ብትጽፉልን፣ እንደ እኔ ላሉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ትልቅ እገዛ ነው። ሁለተኛው፣ የልጆች ገጻችሁ የአበበ ቢቂላን ሕይወት ከጃቶ እስከ ኖርዌዩ የበረዶ ጋሪ ድረስ በተከታታይ ሥዕሎች እንዲያወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ አንኮበር ተወልደው፣ ማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሠዓሊ ሆነው የተመለሱትን አፈወርቅ ተክሌን፣ ከመርሐቤቴ ወጥተው በስደት ያረፉትን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ማስከተል ይቻላል። የአበበ ክፍል ለኅትመት ከመብቃቱ በፊት ረቂቁ ቢላክልን፣ ለልጆቹ አንብበን የሚጠይቁትን ሁሉ ጽፈን ለመመለስ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፤ ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ